ጓንቱ ላይ የታሰረው ክር

ያቮር ከኢስክራ ጋር በተዋወቀ በአምስተኛው ደቂቃ ግንባሯ ላይ እርጎ ረጨባት።

ሆን ብሎ አይደለም። ደግሞ የጥፋቱ ግማሽ የእሷ ነው። ያን የሚያህል ሰውዬ በሕፃናት ሕክምና ክፍሏ ውስጥ ለሕፃን በተሠራች ወንበር ላይ ያስቀመጠችው፣ ቀኝ እጁን ወፍራም የሱፍ ጓንት ውስጥ የከተተችው፣ ግራ እጁን ማንኪያ አስጨብጣ «ይብሉ» ያለችው እሷ ናት።

«እኔ?»

«አዎ፣ እርስዎ። ራዳ ከነገ ጀምሮ በቀን ሁለት ሰዓት እንዲህ ነው የምትውለው። እርስዎ ሳይቀምሱት ቤት ውስጥ ሊያሠሯት አይችሉም።»

«እርጎ እኮ ሥራዬ ነው፤ ለስንት መንደር የማከፋፍለው እኔ ነኝ። ዓይኔን ጨፍኜም እበላዋለሁ!»

«ዓይንዎን ማን ከለከለዎት? የከለከልኩት ቀኝ እጅዎን ነው።»

ያቮር ማንኪያውን አነሳ። ማንኪያው እስከ አገጩ ድረስ በሰላም መጣ። ከዚያ ተንቀጠቀጠ፣ ዞረ፣ ሊያተርፈው ሲል እጁ ተወራጨ... እርጎው በአየር ላይ ሄዶ ከኢስክራ ቅንድብ በላይ አረፈ።

ጎኑ የተቀመጠችው ትንሽ ልጅ ጠረጴዛውን መታች።

«ድገመው!» አለች ራዳ።

ራዳ አራት ዓመቷ ነው። ስትወለድ አንጎሏ ላይ ጉዳት ደርሶ፣ ሐኪሞቹ ሴሬብራል ፓልሲ ይሉታል፣ ግራ እጇ እንደ ቡጢ ተጨብጦ ደረቷ ላይ ተለጥፎ ነው የሚውለው። ሁሉን ነገር የምትሠራው በቀኟና በጥርሷ ነው። ምላሷ ግን ምንም አልሆነም።

ኢስክራ ግንባሯን በእጅጌዋ ጠረገች። አልሳቀችም። የከንፈሯ ጥግ ግን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ወደ ላይ ሸሸ። ያቮር ያለቀለት ያኔ ነው።

«ሁለተኛ ማንኪያ» አለች።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ያቮር የራዳ አባት አይደለም። ራዳ የእህቱ የሉባ ልጅ ናት። አባቷ ሳትወለድ ነው ጥሎ የጠፋው፤ ሉባ ደግሞ ስፔን ሄዳ፣ ተቀጥራ ሁለት ሽማግሌዎች እየጦረች ነው፣ የምትመለሰውም በጁን ወር ነው። ሕክምናው ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ቦታው እስኪደርሳቸው ስምንት ወር ጠብቀዋል። ተራው ሲደርስ ደግሞ ደንቡ «ከሕፃኑ ጋር የሚመጣው ወላጅ ብቻ ነው» ይላል፤ ምክንያቱም ትምህርቱን ወስዶ ቤት የሚያሠራው እሱ ነው።

«አባት ብለህ ጻፍ» አለችው እናቱ ስታና። «ከአባት ምን ጎደለብህ? ደግሞ ማን ይጠይቅሃል?»

ጻፈ። አንድም ሰው አልጠየቀውም። አሁን እውነቱን ቢናገር ራዳ ቦታዋን ታጣለች፤ እጇም ደረቷ ላይ እንደተለጠፈ ይቀራል። ባይናገር ደግሞ ይህች ሴት የሰው ባል ነው እያለች ፊቷን ታዞርበታለች። ያቮር ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ በሴት ጉዳይ ዕድል ቀንቶት አያውቅም፤ እንዲህ ያለ ወጥመድ ግን ለራሱ ሲያጠምድ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ሥራው ተጀመረ። ጎበዙ እጅ የቀበሮ ፊት የተሰፋበት ጓንት ውስጥ ገብቶ ይተኛል፤ ሌላው ይነቃል። በመጀመሪያው ቀን ያቮር ተሳስቶ «ነይ እስቲ፣ ይቺ ሰነፍ እጅሽ...» ሲል ኢስክራ ከወለሉ ላይ ቀና አለች።

«ሰነፍ የሚባል እጅ እዚህ ክፍል የለም። ረዳት እጅ ነው የሚባለው።»

«ይቅርታ።»

«እኔን አይደለም፤ እጇን ይቅርታ ይጠይቁ።»

ያቮር ተንበርክኮ የተጨበጠችውን ትንሽ ቡጢ ይቅርታ ጠየቀ። ራዳ ለረጅም ጊዜ አሰበችበት። «ነገ እንነግርሃለን» አለችው።

የሳሙና አረፋ መውጋት፣ ካልሲ ቅርጫት ውስጥ መወርወር፣ ሊጥ ውስጥ የተቀበረ ፈረስ ማውጣት። ለሚያይ ሰው ጨዋታ ነው። ለራዳ ግን አንዲት ካልሲ መልቀቅ ማለት ጣቶቿን አንድ በአንድ መለመን ነበር። አንዳንዴ ታለቅሳለች። አንዳንዴ ጓንቱን በጥርሷ አውልቃ ትጥለዋለች። ኢስክራ አትቆጣም፤ ጓንቱን አንስታ ጆሮው ላይ «ቀበሮ፣ ደህና አልተኛህም እንዴ?» ትለዋለች፣ መልሳም ታስገባዋለች። ያቮር ይህን ባየ ቁጥር ሆዱ ይባባል።

ጠዋት ጠዋት እርጎ ይዞላት ይመጣል።

«ስጦታ አንቀበልም» ትላለች።

«ስጦታ አይደለም። ነገ ቀኑ ያልፍበታል።»

«እና የተበላሸ ሊያበሉኝ ነው?»

«ዛሬ ከበሉት ምን ይሆናል? ነገ ነው የሚያልፈው አልኩ እኮ!»

ትበላዋለች። ጣሳውንም አጥባ ትመልስለታለች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ራዳ አረፋ ልትወጋ ዘረጋች፤ አረፋው አመለጣት፤ እጇ ግን ወደፊት ሄደ፣ ተከፈተ፣ የኢስክራን አፍንጫ ጨምድዶ ያዘ!

«ያዘችኝ!» ኢስክራ በአፍንጫዋ ጮኸች። «አቶ ያቮር፣ ያዘችኝ!»

«ያዘቻት! በግራዋ!»

ሁለቱም በደስታ ዘለሉ፤ ሲዘሉም ተቃቀፉ። አንድ ቅጽበት ነው። ከዚያ ኢስክራ ፈጥና ሸሸች፣ ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ወረቀት ሄደ። «አባት፦ ያቮር» ይላል። የእናትየው ቦታ ባዶ ነው። እስካሁን አንዲት ሚስት ስትመጣ አላየችም። «ተፋተው ይሆናል» ብላ ማሰብ ከጀመረች ሰንብታለች፤ በዚህ አስተሳሰቧም ታፍራለች።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ፣ ዓርብ ዕለት፣ «ከሰኞ ጀምሮ ቀበሮው ይሰናበታል» አለችው። «ከእንግዲህ ሁለቱ እጆች አብረው ነው የሚሠሩት። ዋናው ነገር ይሄ ነው፤ እስካሁን የሠራነው ለዚህ ነው።»

ያቮር ቤት ሄዶ ለእናቱ ነገራት። እናቱ ግን ቃሪያ እየጠበሰች፣ ሬዲዮ እየሰማች፣ ከጎረቤትም ጋር በመስኮት እያወራች ነበር። «እሺ እሺ» አለችው።

እሑድ የማርች ወር የመጀመሪያ ቀን ነበር። በዚያ ቀን በአገራቸው ሁሉም ሰው እጁ ላይ ቀይና ነጭ ክር ያስራል፤ ሽመላ ከሞቃት አገር ተመልሳ እስክትታይ ድረስም አይፈታውም። አንዳንዱ ሰው አበባ ያወጣ ዛፍ ካየ ይበቃዋል። ስታና ግን በክር ጉዳይ ቀልድ አታውቅም። ደግሞ ለልጅ ልጇ እጅ መዳን መድኃኒቱ ያ ቀበሮ ነው ብላ አምናለች። ልጅቷ በጥርሷ የምታወልቀው ነገር ሲያንገበግባት ሰንብቷል። እናም ክሩን በጓንቱ ላይ፣ አንጓዋ ላይ፣ በሰባት ቋጠሮ አሰረችው!

«ሽመላ ሳታዪ እንዳይፈታ» አለቻት። «ቀድሞ ከተፈታ እናትሽ ትዘገያለች።»

ሰኞ ጠዋት ኢስክራ እጇን አየች፣ ያቮርን አየች፣ እጇን ደግማ አየች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ክር ነው» አለ ያቮር ወለሉን እያየ።

«ክርማ ክር ነው! ለምን ጓንቱ ላይ?»

«እናቴ...» አለ።

ኢስክራ መቀስ አነሳች። ራዳ ጠረጴዛ ስር ገባች።

«እናቴ ትዘገያለች!»

«ክሩን አልነካውም፣ የኔ ቆንጆ። ጓንቱን ብቻ ከስሩ በትንሹ...»

«ቀበሮዬን ልታርጂው ነው?!»

እዚህ ላይ በክፍሉ አብረዋት የሚታከሙት አምስት ልጆች ሁሉ ስለ ቀበሮው ማልቀስ ጀመሩ። የማዕከሉ ኃላፊ ወይዘሮ ፔንካ ከቢሮዋ ወጣች። ፔንካ አጭር፣ ወፍራም፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት ናት፤ ስለዚህ ሁሉም ይፈራታል።

«አንድ እጁ የታሰረ ልጅ የሁለት እጅ ሥራ መጀመር አይችልም» አለች። «እስከ ረቡዕ ጠዋት እጠብቃለሁ። ከዚያ በኋላ ተራ የሚጠብቅ ሌላ ልጅ አለ።»

ያቮር ስፔን ደውሎ እህቱን «እስቲ አንቺ ንገሪያት፣ ፍቺው በያት» ብሎ ለመናት። ሉባ ግን የራሷን ክር እጇ ላይ አስራ ነበር። «እኔ እዚህ ውስጥ የለሁበትም! ክሩ ቀድሞ ተፈቶ ሥራዬን ባጣስ?» አለችው።

እናቱ ጋ ደወለ። «አበባ ያወጣ ዛፍ ብናሳያትስ?»

«ዛፍ? በእኛ ቤት ሽመላ ነው። የአባትህ እህት በዛፍ ፈታችው፤ ማንን እንዳገባች አይተሃል።»

ማክሰኞ ከሰዓት ያቮር ራዳን የእርጎ መኪናው ላይ አሳፈረ። ሞተሩን ሲያስነሳ የወዲያኛው በር ተከፈተና ኢስክራ ካፖርቷን እንደለበሰች ገባች።

«የት?»

«ሽመላ ፍለጋ። እርስዎ ዳክዬ አሳይተው ሽመላ ነው ቢሏትስ?»

ሦስቱም ከፊት ተደራርበው ተቀመጡ። ከኋላ የእርጎ ጣሳዎቹ በየጉድጓዱ ይንኳኳሉ። ያቮር መንደሮቹን ሁሉ ያውቃቸዋል፤ የትኛው የመብራት ምሰሶ ላይ ጎጆ እንዳለም ያውቃል። የመጀመሪያው ጎጆ ባዶ ነው። ሁለተኛው ላይ ድንቢጦች ገብተውበታል። ሦስተኛው ስር አንዲት ሴትዮ መስኮቷን ከፍታ «ገና አሥር ቀን ይቀራቸዋል!» ብላ ዘጋችው።

«ያ ሽመላ ነው?» ትላለች ራዳ።

«ፌስታል ነው።»

«ያስ?»

«እሱ ቄሱ ናቸው፣ እጅ ንሺያቸው።»

ኢስክራ ሳቀች። ሙሉ ሳቅ፣ ጥርሷ ሁሉ እየታየ። ያቮር መንገዱን ትቶ እሷን ሲያይ መኪናው ጉድጓድ ገብቶ ወጣ። «ዛሬ እነግራታለሁ» ብሎ አሰበ። «የመጣው ይምጣ...» አፉን ሲከፍት ስልኩ ጮኸ። የሉባ ድምፅ መኪናውን ሞላው።

«የኔ ጌታ! እንዴት ናችሁልኝ? ራዳዬን ሳምልኝ! ሁለታችሁም እንዴት እንደናፈቃችሁኝ! ጁንን እንዴት ብዬ ልጠብቀው!»

«እማዬ! ሽመላ እየፈለግን ነው!»

«ፈልጊ፣ የኔ ማር! ያቮርዬ፣ ደግሞ ሹራብ ልበስ፣ እሺ? ሳሳሁልህ እኮ!»

ስልኩ ተዘጋ። ኢስክራ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር። ከዚያ ወዲያ አልሳቀችም። ያቮርም የከፈተውን አፉን ዘጋ፤ መሀላቸው የተቀመጠችው ራዳ እውነቱ ቢወጣ ቦታዋን እንደምታጣ ታስታውሰዋለች።

የመጨረሻው መንደር የዓሣ ኩሬ አለው። የኩሬው ጠባቂ አባባ ማኖል የያቮር የእርጎ ደንበኛ ነው።

«ሽመላ? አለኝ እንጂ» አለ። «ባለፈው ዓመት ክንፉ ተሰብሮ ቀረ። ክረምቱን ሁሉ ዓሣ ሳበላው ከረምኩ። አማቼ ነው የምለው፤ መጣ፣ በላ፣ አልሄደም።»

እውነትም ከኩሬው ዳር አንድ ረጅም፣ የተቆጣ ሽመላ በአንድ እግሩ ቆሞ ያያቸዋል።

«ሽመላ!» አለ ያቮር። «በቃ! እንፍታው!»

ራዳ ግን እጇን ብብቷ ስር አስገባች። ዓይኗን ጨፍና ከፈተች። «ይሄ ሽመላ... መጥቶ ነው ወይስ ነበረ?»

ሦስቱ ትልልቅ ሰዎች ተያዩ።

«መጥቶ ነው» አለች ኢስክራ ቁጢጥ ብላ። «አምና።»

«እሱ የአምና ነው። አያቴ ከሩቅ የመጣ ነው ያለችው።»

አባባ ማኖል ጢሙን አሻሸ። «ስሚ ልጄ፣ ይሄ አማቼ ትናንት ከእኔ ተጣልቶ ጎረቤት ግቢ ገብቶ ነው ያደረው። እዚህ የደረሰው ዛሬ ጠዋት ነው።»

«ጎረቤት ሩቅ ነው?»

«በእሱ እግር? በእሱ እግርማ ሩቅ ነው። ክንፍ የለውማ።»

ራዳ የሽመላውን እግር እየዞረች ከዚህም ከዚያም አየችው።

«መጥቷል» ብላ ፈረደች ራዳ።

የስታናን ሰባት ቋጠሮ ለመፍታት ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር። አንዱ ይይዛል፣ ሌላው ይጎለጉላል። ጣቶቻቸው በተነካኩ ቁጥር ኢስክራ እሳት እንደነካ ሰው ታነሳለች፤ ቋጠሮው ደግሞ እንደገና ይጠብቃል። በመጨረሻ ተፈታ፤ ጓንቱም ወለቀ። ራዳ ክሩን በግራ እጇ ይዛ፣ ምላሷን አውጥታ፣ ሦስት ጊዜ ወድቆባት አንስታ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለችው። ይህን ስታደርግ ሽመላው ከኋላዋ መጥቶ መሬት የወደቀውን ቀበሮ በምንቃሩ ብድግ አደረገና እየተንጎራደደ ሄደ።

ሁሉም ደነገጡ። ራዳ ግን አየችውና «ይውሰደው፤ ይበርደዋል» አለች። ከአባባ ማኖል ጋር ዓሣ ልታበላው ሄደች።

ኢስክራና ያቮር ብቻቸውን ቀሩ። ውሃውን እያዩ ቆሙ።

«አቶ ያቮር» አለች። «ከነገ ጀምሮ ራዳን ሌላ ባለሙያ ይያዛት።»

«ለምን? ምን አጠፋሁ?»

«እርስዎ ምንም። እኔ ነኝ።» የካፖርቷን ቁልፍ ቆለፈች። «ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን በር በር አያለሁ። የማየው ራዳን አይደለም። ሚስትዎ... በስልክ እንኳ ሹራብ ልበስ የምትል ሴት ናት። እኔ የሰው ትዳር ደጃፍ ላይ የምቆም ሰው አይደለሁም።»

ራቅ ብሎ ራዳ ትስቃለች። ግራ እጇ ዓሣ ይዟል፤ ይከፈታል፣ ይጥላል፣ ደግሞ ይከፈታል። ከአንድ ወር በፊት ይህ እጅ አይከፈትም ነበር።

«ሚስት የለኝም» አለ። «ሉባ እህቴ ናት። ራዳ የእህቴ ልጅ ናት። እኔ አጎቷ ነኝ። ወረቀቱ ላይ... ዋሽቼ ነው የፈረምኩት።»

የኢስክራ ፊት በራ። በእውነት በራ፤ መደበቅም አልቻለችም። ከዚያ ወረቀቱ ትዝ አላትና ጨለመ።

«ዋሽተው? ሦስት ሳምንት ሙሉ ‹አባቷ› እያልኩ! ስንት ቀን አልቅሻለሁ፣ ያውቃሉ?»

«አለቀሱ? ለእኔ?»

«ዝም ይበሉ! አሁን እኔ ምን ላድርግ? ብናገር ራዳ ትወጣለች። ባልናገር እኔም ውሸታም ሆንኩ!»

«እርስዎ ምንም አይናገሩም። እኔ ነኝ የምናገረው።»

«ቦታዋን ልታጣ ትችላለች እኮ...»

«አውቃለሁ።» ራዳን አየ። «እሷን ለማስገባት ዋሸሁ፤ እርስዎን ግን ውሸት ውስጥ ማስገባት አልችልም። ለራዳ ሌላ በር አንኳኳለሁ፤ አገሩን ሁሉ አንኳኳለሁ።»

ሲመለሱ ማንም አልተናገረም። ራዳ ብቻ ስለ ሽመላው የራሷን ዘፈን አውጥታ መንገዱን ሁሉ ዘፈነች።

ረቡዕ ጠዋት ስታና የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለብሳ፣ ትኩስ የአይብ ቂጣ በእቅፏ ይዛ ተከተለችው። የፔንካ ቢሮ እንደገቡ ያቮር ቁጭ ሳይል ሁሉንም ተናገረ።

«ጻፍ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች ስታና። «ያሰርኩትም እኔ ነኝ። የሚታሰር ካለ እኔን እሰሩ።»

ፔንካ ወረቀቱን አውጥታ «አባት» የሚለውን ቃል አየች። «አጎት» አለች በመጨረሻ።

«አዎ።»

«ደንቡ ወላጅ ይላል። ለምን እንደሚል ያውቃሉ? እዚህ ክፍል ውስጥ የምንሠራው ትንሹን ነው። ትልቁ የሚሠራው ቤት ነው። አባት ብለው የፈረሙ ስንት ሰዎች አይቻለሁ፤ በእውነት አባት የሆኑ። በሁለተኛው ሳምንት ይደክማቸዋል።» ከመሳቢያዋ አንድ ጓንት አወጣችና ወረወረችለት። «ቀኝዎ ላይ ያድርጉ። የጫማዎን ክር ፈትተው እንደገና ይሰሩ።»

ያቮር ጎንበስ አለ። ግራ እጁ ክሩን ፈታ፤ አንዱን ጫፍ በትንሿ ጣቱ ይዞ፣ ሌላውን በአውራ ጣቱ አዙሮ፣ አሾልኮ፣ ሳበው። ከዚያም ሁለተኛውን ጫማ።

ፔንካ መነጽሯን አወለቀች። «ይሄን እኔም አልችልም። የት ተማሩት?»

«ቤት» አለ ያቮር አፍሮ። «ራዳ ሁለት ሰዓት ብቻዋን ታስራ ስትቀመጥ አላስችል አለኝ። እሷ ጓንት ስታደርግ እኔም አደርጋለሁ። አብረን ነው የምንወራወረው፣ አብረን ነው የምንናደደው። ከእኔ ትበልጣለች፤ እኔ ገና ቲማቲም መቁረጥ አልሆነልኝም።»

«ጣቱን ነው የሚቆርጠው!» አለች ስታና።

በሩ ላይ ኢስክራ ቆማ ነበር። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፤ አልጠረገችውም። ሦስት ሳምንት ሙሉ የወደደችው ሰው ይህ ነው፣ ከዚህ በኋላም ሌላ ሰው መውደድ የምትችል አልመሰላትም።

«ሉባ ፈርማ የውክልና ወረቀት ትላክ» አለች ፔንካ። «በሳምንት ውስጥ። ልጅቷ ትቀጥላለች።» ወደ በሩ ዞረች። «አንቺ ደግሞ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ የልጅቷ ሐኪም ብቻ ነሽ። ከዚያ በኋላ የራስሽ ጉዳይ ነው።»

«እኔ ምን አልኩ?»

«ምንም አላልሽም። ፊትሽ ነው የሚለፈልፈው።»

አሥራ ሦስት የሥራ ቀን ቀረ። ያን ያህል ረጅም አሥራ ሦስት ቀን ያቮር አይቶ አያውቅም። ራዳ በሁለት እጇ ሊጥ ትጎትታለች፣ በአንዱ ጣሳ ይዛ በሌላው ክዳን ታሽከረክራለች፣ ሱሪዋን ግራና ቀኝ ይዛ ወደ ላይ ትስባለች። ያቮርና ኢስክራ ደግሞ «ደህና አደሩ»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ «ካልሲውን ያቀብሉኝ» ይባባላሉ። ስታና አንዳንድ ቀን መጥታ መሀላቸው ትቀመጣለች። ልትጠብቃቸው ይሁን ልታቀራርባቸው፣ ራሷም አታውቅም።

በመጨረሻው ቀን ኢስክራ የመጨረሻውን ወረቀት ፈርማ ለያቮር ሰጠችው። ነጭ ጋውኗን አወለቀች፣ አጠፈች፣ ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

«ከዚህ ደቂቃ ጀምሮ የራዳ ሐኪም አይደለሁም።»

«ታዲያ... ምንድን ነዎት?»

«ሥራዋን የጨረሰች፣ ምሳ ያልበላች ሴት።»

ያቮር ለሦስት ሳምንት ያዘጋጀው ንግግር ነበረው። ሁሉም ጠፋው። «እርጎ አለኝ» አለ።

«አውቃለሁ» አለች ኢስክራ፣ ክንዱንም ያዘችው። «ዛሬ ግን ሥጋ ነው የምበላው።»

ጁን መጣ። አውቶቡስ ጣቢያው በሙቀት ይነድዳል። ስታና፣ ያቮር፣ ኢስክራና ራዳ ከጧት ጀምሮ ቆመዋል፤ አውቶቡሱ አንድ ሰዓት ዘግይቷል፤ ስታና ሹፌሩን ከነእናቱ እየረገመችው ነው። ሉባ ስትወርድ ሻንጣዎቿን ጣል አድርጋ ተንበረከከች።

ራዳ መጀመሪያ አፈረች። የኢስክራ ቀሚስ ኋላ ተሸሸገች። ከዚያ ወጣች፣ ሮጠች፣ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ቀኝ እጇ ወዲያው ደረሰች። ግራዋ ዘገየች። ወደ ላይ ተነሳች፣ ቆመች፣ መንገዱን ፈለገች፣ በእናቷ ጀርባ ላይ ዞረች፣ ጣቶቿም ተከፍተው ሸሚዟን ጨበጡ።

ሉባ ዓመቱን ሙሉ የአንድ እጅ እቅፍ ነበር የናፈቃት። ሁለተኛው ሲሰማት ትንፋሿ ተቆረጠ።

«ራዳዬ... ይሄ የትኛው እጅሽ ነው?»

«ረዳቱ ነው» አለች ራዳ። «አትነቃነቂ፣ እንዳይለቅ።»

ሉባ አልተነቃነቀችም። ሰው ሁሉ በጎኗ እያለፈ፣ ሻንጣዋን እየረገጠ፣ እሷ እንባዋ እየወረደ ቆየች። ኢስክራም ታለቅሳለች፣ ስታናም ታለቅሳለች፣ ያቮር ዓይኑ ውስጥ አቧራ እንደገባበት ለማያውቀው ሰው ያስረዳል።

ሉባ በመጨረሻ ቀና ስትል ኢስክራን አየች። «ይቺ ቆንጆ ማን ናት?»

«አክስቴ ናት» አለች ራዳ።

ያቮር ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ማን ነው እንደሱ ያለሽ?» አላት።

«አያቴ።»

ሁሉም ወደ ስታና ዞረ። ስታና ሰማዩን ታያለች።

«ገና አልጠየቀኝም እኮ» አለች ኢስክራ ቀስ ብላ።

«አልጠየቃትም?!» ሉባ ከተንበረከከችበት ተነሳች። «ያቮር! ምን ትጠብቃለህ?»

«ቦታ ስፈልግ ነው... ጥሩ ቦታ፣ ጸጥ ያለ...»

«ጠይቃት አንተ!» ስታና ትከሻውን መታችው።

አውቶቡሱ ጡሩምባውን ነፋ። ሹፌሩ ራሱን በመስኮት አውጥቶ «ሰዎች፣ መንገድ ልቀቁ! ልወጣ ነው!» ብሎ ጮኸ።

«አንድ ደቂቃ!» ጮኸበት ያቮር። ወደ ኢስክራ ዞረ። እጆቿን ያዘ፣ ሁለቱንም። «ኢስክራ፣ እኔ ንግግር አላውቅም፤ ያዘጋጀሁት ሁሉ ሁልጊዜ ይጠፋኛል። እወድሻለሁ። ያን ቀን እርጎውን ከመጥረግሽ በፊት ጀምሮ እወድሻለሁ። ታገቢኛለሽ?»

«ሁለተኛ አትዋሸኝም?»

«ሁለተኛ አልዋሽሽም።»

«እንግዲያው አዎ!» አለች። «አዎ፣ አዎ!»

ሹፌሩ ይህን ሰማ፤ ጡሩምባውን አሁን ደግሞ እንደ ሰርግ መኪና ደጋግሞ ነፋው። ስታና ርግማኗን ሁሉ አንስታ መረቀችው። ሻንጣዎቹን ተካፍለው ወደ ቤት ሄዱ፤ ምሳው ቀዝቅዞ ነበር፣ ማንም አላስተዋለውም።